ጌም በሙሉ ዋጋ መግዛት ለምን እንደ መበለጥ ይሰማናል?

ሮቤል_ጂ (ውይይቱን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፤ ሐሳባችሁን በጣም ስለምፈልገው ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አዲስ ጌም ሲወጣ ከሥሩ የሚጻፈውን አስተያየት ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? «ጌሙ እንዴት ነው?» የሚል አለ። ከእሱ ይልቅ የሚበዛው ግን «ሴል (ቅናሽ) እስኪገባ እጠብቃለሁ» የሚለው ነው። ጌሙን ገና ማንም ተጫውቶ አልጨረሰውም። ጥሩ ይሁን መጥፎ አልታወቀም። ዋጋው እንደሚወርድ ግን ሁላችንም እርግጠኞች ነን።

የኔ ሐሳብ ይኼ ነው። ቅናሹ ከመብዛቱ የተነሳ እውነተኛው ዋጋ የቱ እንደሆነ ያለን ግምት ራሱ ተቀይሯል። 60 ዶላር የሚል ስናይ በሐሳባችን 20 ብለን ነው የምናነበው። የቅናሹ ዋጋ ዋናው ዋጋ ሆነ። ሙሉ ዋጋው ደግሞ መታገስ ላቃተው ሰው የተጣለ ቅጣት መሰለ።

የኮምፒውተር ጌም የሚሸጥበትን የኢንተርኔት መደብር፣ ስቲምን ብቻ እንይ። ስፕሪንግ፣ ሰመር፣ ኦተም፣ ዊንተር እያለ በዓመት አራት ትልልቅ ሴል አለው። የስፕሪንጉ ከነዚህ ጋር የተሰለፈው በ2023 ነው። በመሀል በመሀሉ በጌም ዓይነት የሚዘጋጁ ፌስቲቫሎች አሉ፤ አሳታሚዎች በየራሳቸው የሚያወጡት ቅናሽም አለ። አንድ ጌም ቅናሽ ገብቶ ከወጣ በኋላ 30 ቀን መጠበቅ አለበት የሚል ደንብ አለ። ትልልቆቹ ሴሎች ግን ከዚህ ደንብ ነጻ ናቸው። ስለዚህ ሻጩ ከፈለገ ጌሙ ዓመቱን ሙሉ ገባ ወጣ ሲል ሊከርም ይችላል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ጌሙን ከዋጋው ለይተን ማየት እያቃተን መሆኑ ነው። 90 በመቶ የተቀነሰ ነገር ስናይ እንገዛለን፤ ብንፈልገውም ባንፈልገውም። በእውነት የምንፈልገው የ15 ዶላር ጌም ደግሞ ዊሽሊስት (የምኞት ዝርዝር) ላይ ዓመት ይቀመጣል። «20 በመቶ ብቻ ነው የቀነሰው፣ ልጠብቅ» እንላለን። የምንጠብቀው ተጨማሪ ቅናሽ እኮ ጥቂት ዶላር ነው! ያን ያህል ጊዜ ሳንጫወተው የቆየንበትስ አይቆጠርም?

እናንተስ? ሙሉ ዋጋ ስትከፍሉ ምን ይሰማችኋል?

ታጋሹ

ሮቤል ወንድሜ፣ ጥሩ ነገር አነሳህ። ግን አልስማማም።

ሙሉ ዋጋ ቅጣት የመሰለው ቅናሽ ስለለመድን ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ በእርግጥም ቅጣት ስለሆነ ነው። ሳይበርፐንክ 2077ን አስታውስ። በዲሴምበር 2020 ወጣ። በአሮጌዎቹ ኮንሶሎች (የጌም ማጫወቻዎች) ላይ ከመበላሸቱ የተነሳ ሶኒ በቀናት ውስጥ ከፕሌይስቴሽን ስቶር አንስቶ ለገዢዎች ገንዘባቸውን እመልሳለሁ አለ። ከዚያ ተጠገነ፣ ተስተካከለ፣ በሴፕቴምበር 2023 በ2.0 አፕዴት ብዙው ነገር እንደ አዲስ ተሠራ። እንግዲህ አስበው። በመጀመሪያው ሳምንት የገዛው ሰው ውዱን ዋጋ ከፍሎ ደካማውን ጌም አገኘ። ዓመታት የጠበቀው በግማሽ ዋጋ ምርጡን ተጫወተ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሏል ይኼ ነው።

በሌላ በየትኛው ዕቃ ነው ያልበሰለው ከበሰለው የሚወደደው? ይኼን የፈጠርነው እኛ ገዢዎች አይደለንም። ያለቀ ሥራ ያውጡ፤ እኔም በወጣበት ቀን እገዛለሁ።

ማህሌት_ኢኮ

ሁለታችሁም የያዛችሁት ትክክል ነው። ነገሩን ግን ኢኮኖሚስቶች ቀደም ብለው ነው ያዩት፤ እስቲ ላያይዘው።

ሪቻርድ ቴለር፣ በ2017 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ማለቴ ነው፣ በ1985 ባወጣው ጽሑፍ ገዢ ሁለት ዓይነት እርካታ እንዳለው አስረድቷል። አንዱ ዕቃው ከሚሰጠው ጥቅም ይመጣል። ሌላው ከግዢው ራሱ ይመጣል፤ «ከሚገባው ዋጋ በታች አገኘሁት» የሚለው ስሜት ነው። ይኼ ሁለተኛው የሚለካው ገዢው በጭንቅላቱ በያዘው መነሻ ዋጋ ነው። 60 ተሰርዞ 15 ሲጻፍ መነሻው 60 ነው። ጌሙን ሳንከፍተው እርካታው ተገኝቷል። ሮቤል «ብንፈልገውም ባንፈልገውም» ያለው ከዚህ ይመጣል።

ችግሩ መነሻው ዋጋ ባለበት አይቆምም። ያው ጌም ደጋግሞ 15 ከገባ፣ መነሻው 15 ይሆናል። ከዚያ በኋላ 30 ቢሆን፣ ግማሽ ዋጋ ነው ብንባልም፣ «ተወደደ» እንላለን። ካነማንና ቲቨርስኪ በ1979 እንዳሳዩት ደግሞ ሰው የሚያጣው ነገር፣ ያንኑ ያህል ሲያገኝ ከሚሰማው ደስታ የበለጠ ያመዋል። ትናንት በ15 የነበረውን ዛሬ በ60 መግዛት ለጭንቅላታችን 45 ዶላር እንደ መጣል ነው። ጌሙ 60 ያወጣል ወይ የሚለው ጥያቄ እዚያ ጋ አይደርስም።

ሮናልድ ኮዝ በ1972 ያነሳው ነገርም አለ። የማያረጅ ዕቃ የሚሸጥ ብቸኛ ሻጭ ዋና ተፎካካሪው ማን ነው? ነገ ዋጋ የሚቀንሰው እሱ ራሱ ነው! ገዢው ዋጋው እንደሚወርድ ካወቀ ዛሬ ለምን ይገዛል? ዲጂታል ጌምን ከዚህ ጋር አስተያዩት። አያረጅም። ከመደርደሪያ አያልቅም። አንድ ቅጂ ጨምሮ ለመሸጥ የሚወጣው ወጪ ከምንም አይቆጠርም።

ታዲያ ሻጮች ለምን ይቀንሳሉ? ስለሚያዋጣቸው። የስቲም ባለቤት የሆነው የቫልቭ ኃላፊ ጌብ ኒዌል በ2009 ዳይስ በሚባለው የጌም ሠሪዎች ጉባኤ ላይ ከስቲም የበዓል ሴል የተገኘውን ውጤት ተናግሮ ነበር። 10 በመቶ የቀነሱ ጌሞች ገቢያቸው በ35 በመቶ አደገ። 25 የቀነሱት በ245፣ 50 የቀነሱት በ320፣ 75 የቀነሱት በ1,470 በመቶ። የቅጂ ብዛት አይደለም፤ ገቢ ነው። ይኼን ያየ ሻጭ ቅናሽን ይተዋል ማለት ዘበት ነው።

ግን ያ የ2009 ገበያ ነው። ያኔ ቅናሽ ብርቅ ነበር። ሁሉም ሁልጊዜ ሲቀንስ ያው ውጤት ይገኛል ብዬ አላምንም።

ዳዊት_ሬትሮ

ስለ መነሻ ዋጋ ከተነሳ አይቀር፣ ሙሉ ዋጋው ራሱ የት እንደነበር እናስታውስ። ትልልቅ ጌሞች 60 ዶላር የሆኑት በ2005 ኤክስቦክስ 360 ሲመጣ ነው። ከዚያ በፊት 50 ነበሩ። 70 የሚለው የመጣው በ2020 ከፕሌይስቴሽን 5 ጋር ነው። በመሀል 15 ዓመት ያው 60። የ2005ን 60 ዶላር በአሜሪካ የዋጋ ንረት ብታሰሉት ዛሬ ከ90 በላይ ነው። ስለዚህ በግዢ አቅም ካየነው ሙሉ ዋጋው እየረከሰ ነው የመጣው፤ እኛ ግን «ተወደደ» እያልን ነው።

ሌላም ነገር አለ። ዲስክ በነበረበት ጊዜ ጌም ጨርሰህ መልሰህ ትሸጠው ነበር። 60 ከፍለህ በ35 ከሸጥከው እውነተኛ ወጪህ 25 ነው። ዲጂታል ጌም ግን መልሰህ አትሸጠውም። ስለዚህ «20 ዶላር ነው የሚገባው» የሚል ሰው ስስታም አይደለም። ድሮ የሚያወጣውን ያህል ነው እያወጣ ያለው። ቅናሹ የመልሶ ሽያጩን ቦታ ነው የተካው።

ሮቤል_ጂ

ዳዊት፣ ይኼ ነጥብ በጣም ጠቃሚ ነው። እኔ ቅናሽን ሳስብ ከሙሉ ዋጋ ጋር ብቻ ነበር የማወዳድረው። ግን ያኔ መልሶ መሸጡ ሁለተኛው ገዢም በርካሽ እንዲያገኝ ያደርግ ነበር፤ ለሠሪዎቹ ግን ከዚያ አንድም ሳንቲም አይደርስም። አሁን ቢያንስ የቅናሹ ገንዘብ ወደ እነሱ ይሄዳል። ከሠሪዎች ወገን የሆነ ሰው እዚህ ካለ ቢያስረዳን ደስ ይለኛል።

ኪያ_ኮድ

አለሁ። በጣት የምንቆጠር ሰዎች ሆነን ትናንሽ ጌም እንሠራለን። የጌማችንን ስም አልጠቅስም፤ ማስታወቂያ እንዳይሆንብኝ።

ዋጋ ስንተምን መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ ጌሙ ስንት ያወጣል የሚለው አይደለም። ቅናሽ ሲገባ ስንት ይሆናል የሚለው ነው። እውነቱን ነው የምነግራችሁ። 15 ዶላር ብንለው፣ ዓመታት ቆይቶ በ75 በመቶ ቅናሽ 3.75 ይሆናል። ከዚያ ላይ ስቲም 30 በመቶ ይወስዳል። 2.60 ገደማ ይቀራል፤ ግብሩ ገና ነው። ስለዚህ 20 እንላለን። 15 ያሰብነው ጌም 20 ሆኖ ወጣ። የሚጠብቀው ሰው የሚያገኘውን ቅናሽ በከፊል የሚሸፍነው በመጀመሪያው ቀን የገዛን ሰው ነው። ከሁሉ በላይ የሚወደን ሰው ማለት ነው። ይኼ ሁሌ ያሳዝነኛል።

የ30 በመቶው ነገር ደግሞ ለትንሹ ነው የሚከብደው። ከ2018 ጀምሮ ጌሙ 10 ሚሊዮን ዶላር ካስገባ ከዚያ በላይ ባለው ሽያጭ ላይ የስቲም ድርሻ ወደ 25፣ ከ50 ሚሊዮን በላይ ሲሆን ወደ 20 በመቶ ይወርዳል። እኛ እዚያ አንደርስም።

«ታዲያ ለምን ትቀንሳላችሁ?» ትሉ ይሆናል። ምክንያቱም ጌሙን ዊሽሊስት ላይ ያስቀመጡ ሰዎች የቅናሽ ኢሜይል የሚደርሳቸው ቢያንስ 20 በመቶ ስንቀንስ ነው። 15 ብንቀንስ ማንም አይነገረውም። የሽያጭ ግራፋችንን ብታዩት በወጣበት ሰሞን ከፍ ይላል፣ ከዚያ መሬት ይነካል፣ ከዚያ ቅናሽ በገባ ቁጥር ብድግ ይላል። በመሀሉ ጸጥታ ነው። ሰዎች ጌሙን ስለጠሉት አይደለም። ቅናሽ እንደሚመጣ ስለሚያውቁ ነው። እኛም እንደሚጠብቁ ስለምናውቅ እንቀንሳለን። ስለምንቀንስ ይጠብቃሉ። ከዚህ አዙሪት አንድ ትንሽ ቡድን ብቻውን መውጣት በጣም ይከብደዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። «በጣም ጥሩ ጌም ነው፣ ከወደድኳቸው አንዱ ነው፤ ግን በሴል ግዙት» የሚል ግምገማ ስናነብ ምን እንደምንል እንኳ አናውቅም። ጌሙን ወድዶታል። 20 ዶላር እንደማያወጣ ግን እርግጠኛ ነው። ለምን እንደማያወጣ አይጽፍም። ታጋሹ፣ አንተ ያልከውን ተረድቻለሁ፤ ያልተጠናቀቀ ሥራ ማውጣት ተገቢ አይደለም። ግን ተጠናቅቆ፣ ያለ እንከን የወጣ ጌምም የሚገጥመው ያው ነው።

ታጋሹ

ኪያ፣ ስላስረዳሽን አመሰግናለሁ። ለትናንሽ ቡድኖች የምለው የተለየ ነው። እኔ የማማርረው 70 ዶላር ጠይቀው፣ ሰው እየሞከረ እንዲያርምላቸው በሚጠብቁት ትልልቆቹ ላይ ነው። ትናንሾቹ የትልልቆቹን ዕዳ እየከፈሉ መሆኑን ግን አላሰብኩበትም ነበር።

ፌቨን_21

እኔ ተማሪ ነኝ። ስለ ቅናሽ ክፉ ሲነገር ትንሽ ይከፋኛል፤ ስለዚህ የኔንም ወገን ልናገር።

ቅናሽ ባይኖር ኖሮ አብዛኛውን የተጫወትኩትን ጌም አልጫወትም ነበር። 60 ዶላር ለኔ የምመርጠው ነገር አይደለም፤ የሌለኝ ነገር ነው። 6 ዶላር ሲሆን ነው ሰው የምሆነው። እና ኪያ፣ ከኔ የምታገኙት ሁለት ዶላር ከሌላ መንገድ አይመጣላችሁም ነበር። ሙሉ ዋጋ እንዳልከፍል ያደረገኝ ቅናሹ አይደለም።

ደግሞ በቅናሽ የገዛሁትን አላቃልለውም። እየቆጠብኩ ስለምገዛ እያንዳንዱን እጨርሳለሁ። ርካሽ ከሆነ ሰው አያከብረውም የሚባለው ሁሉንም አይወክልም።

ኪያ_ኮድ

ፌቨን እህቴ፣ አንቺ እንድትጫወቺው ነው የምንሠራው። በምንም አይከፋሽ። 90 በመቶ ስንቀንስ እንደ አንቺ ላለ ሰው ነው የምናስበው። ጭንቀታችን ሙሉውን መክፈል እየቻለ፣ መክፈል ሞኝነት ነው ብሎ ስላመነው ሰው ነው።

አቤል_ስዊች

ከዚህ አዙሪት የወጣ አለ እኮ፤ ስዊች የሚባለውን የጌም ማጫወቻ የሚሠራው ኒንቴንዶ። ዜልዳ ብሬዝ ኦቭ ዘ ዋይልድ በማርች 2017 በ60 ዶላር ወጣ። ከዓመታት በኋላም ያው 60 ነው። ከስንት አንዴ ቅናሽ ይገባል፤ እሱም ቢሆን ብዙ ጊዜ ከ30 በመቶ አያልፍም። ማሪዮ ካርት 8 ዴሉክስም እንደዚያው ነው፤ ያውም መጀመሪያ በዊ ዩ (ከስዊች በፊት በነበረው ማጫወቻቸው) ላይ በ2014 የወጣ ጌም።

ውጤቱ ምንድነው? የስዊች ተጫዋች «ልጠብቅ» አይልም። መጠበቅ ምንም እንደማያመጣለት ያውቃል። ከፈለገ ይገዛል፣ ካልፈለገ ይተዋል። ጌሙን የሚመዝነው በጌምነቱ ነው። እኔ ራሴ ስቲም ላይና ስዊች ላይ ስገዛ ሁለት የተለያየ ሰው ነኝ። ስቲም ላይ የ10 ዶላር ጌም ያንገበግበኛል። ስዊች ላይ 60 ከፍዬ ተኝቼ አድራለሁ። ደሞዜ ያው ነው፤ የተለያየው የለመድኩት ነው።

ይኼ ግን ኒንቴንዶን ቅዱስ አያደርገውም። በ2025 ማሪዮ ካርት ወርልድን 80 ዶላር ሲሉ፣ በቀጥታ ስርጭታቸው ላይ ሰው «ዋጋውን ቀንሱ» እያለ አጥለቀለቀው። ዋጋ እንደማይወርድ ማመን አንድ ነገር ነው። እንደሚጨምር ማየት ሌላ ነው። ሲጨምር መጠበቂያ መውጫ የለህም፤ ስለዚህ ቁጣው ይብሳል።

ናሆም_ፋብሪካ

ኒንቴንዶ ትልቅ ስለሆነ ነው የሚችለው የሚል ካለ፣ ፋክቶሪዮን ይመልከት። ዉቤ የሚባል የቼክ ስቱዲዮ ነው የሠራው። ገና ከመጀመሪያው «ቅናሽ አንገባም» ብለው በስቲም ገጻቸው ላይ ጻፉ። በቃ፤ ቃላቸውን ጠበቁ። በ2020 ጌሙ ሲጠናቀቅ 30 ዶላር ነበር። በጃንዋሪ 2023 ደግሞ የዋጋ ንረትን ጠቅሰው ወደ 35 ከፍ አደረጉት።

ዋናው ነገር ዛሬ የገዛ ሰው ነገ አይቆጭም። ቀድሞ የገዛው ሰው ተሸላሚ ነው። እንደ ሌላው ጌም ቀድሞ ገዝቶ አይበለጥም። ሁሉም ሰው እንዲህ ቢያደርግ ኖሮ ይኼ ሁሉ ጭንቀት አይኖርም ነበር።

ማህሌት_ኢኮ

ናሆም፣ «ሁሉም ቢያደርግ» የሚለው ላይ ነው ችግሩ። ፋክቶሪዮ ገዢውን ከመጀመሪያው ቀን ያስለመደው ቅናሽ እንደሌለ ነው። አስለምዶ መተው ግን ሌላ ነገር ነው።

ከጌም ውጪ ያለ ምሳሌ ላምጣ። ጄሲ ፔኒ የአሜሪካ ትልቅ የሱቆች ድርጅት ነው። ለዓመታት በቅናሽና በኩፖን ነበር የሚሸጠው። በ2012 ሮን ጆንሰን የሚባለው ኃላፊ ይኼን ሁሉ አስቀረ። የተጋነነው ዋጋ ይቅር፣ የሐሰት ቅናሹም ይቅር፣ ዕቃው ሁልጊዜ በተመጣጣኝ ዋጋ ይሸጥ አለ። በወረቀት ላይ ለገዢው የሚሻለው ይኼ ነበር። ገዢው ግን ሸሸ። በዚያው ዓመት ሽያጩ ከ17 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከነበረበት ወደ 13 ቢሊዮን ወረደ። ጆንሰን በኤፕሪል 2013 ተሰናበተ፤ ኩፖኑም ተመለሰ።

ሰዎቹ ሞኞች አልነበሩም። 40 ተሰርዞ 20 የተጻፈበትን ሸሚዝ ሲያዩ ሸሚዙ የ40 ጥራት አለው ብለው ያምናሉ። 20 ብቻ ሲጻፍ የ20 ሸሚዝ ነው። የተሰረዘው ቁጥር ስለ ጥራት ይናገራል። ጌምም ላይ እንደዚሁ ነው። ኪያ ጌማቸውን 8 ዶላር አድርገው ቅናሽ ባይገቡ፣ ሰው «የ8 ዶላር ጌም» ነው የሚለው። 20 ብለው 8 ሲያስገቡት ግን «የ20 ዶላር ጌም በ8 አገኘሁ» ይላል።

ሰላም_ፒክስል

የስቲምን የድሮ ሴል የምታስታውሱ አላችሁ? እስከ 2015 ድረስ ፍላሽ ሴል ነበር። አንድ ጌም ለጥቂት ሰዓት ብቻ በጣም ይረክሳል፣ ከዚያ ሌላው ይተካል። ሰው ከእንቅልፉ እየነቃ ያይ ነበር። በጁን 2015 ግን ስቲም ሪፈንድ ጀመረ። በገዛህ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከ2 ሰዓት በታች ከተጫወትክ ገንዘብህን ይመልሳል። እንግዲህ ዛሬ በ50 በመቶ ገዝተህ ነገ ፍላሽ ሴል ላይ በ75 ካየኸው ገንዘብህን አስመልሰህ በርካሹ ትገዛዋለህ ማለት ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ፍላሽ ሴል ቀረ። አሁን ሴሉ ከተከፈተበት እስከሚዘጋበት ዋጋው አንድ ነው።

ብዙ ሰው ሴሉ ቀዘቀዘ ብሎ አዘነ። እኔ ደስ ብሎኛል። ያ ጥድፊያ ነበር ላይብረሪዬን ባልተከፈተ ጌም የሞላው። በዚያ ሰዓት የምንገዛው ጌም አልነበረም፤ ያመለጠን እንዳይመስለን ነበር። አሁንም ያ ልማድ አልለቀቀንም። «ታሪካዊ ዝቅተኛ ዋጋ» የሚል ስናይ እጃችን ይፈጥናል። ሮቤል ያልከው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በ3 ዶላር የተገዛ ያልተጫወትነው ጌም ከማንኛውም የ60 ዶላር ጌም ይወደዳል። የተከፈለው ሁሉ ለባዶ ነው።

ቤተል_ሕግ

ማህሌት ስለተሰረዘው ቁጥር ካነሳች አይቀር፣ ይኼ ጉዳይ በሕግም የተያዘ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ከሜይ 2022 ጀምሮ ቅናሽ የሚያስተዋውቅ ሻጭ ከዚያ በፊት በነበሩት 30 ቀናት ውስጥ የጠየቀውን ዝቅተኛ ዋጋ መግለጽ አለበት። በ2024 ደግሞ የኅብረቱ ፍርድ ቤት መቶኛው ራሱ ከዚያ ዝቅተኛ ዋጋ ተነስቶ መሰላት እንዳለበት ወሰነ። ዓላማው ግልጽ ነው። ዋጋን አንድ ቀን ሰቅሎ በማግስቱ «50 በመቶ ቀነስኩ» ማለት እንዲቀር ነው።

ስቲምም የራሱ ደንብ አለው፤ ዋጋ የጨመረ ሻጭ ለ30 ቀን ቅናሽ መግባት አይችልም። ጥሩ ነው። ግን ሁለቱም ሕጎች የሚከላከሉት የሐሰት መነሻ ዋጋን ነው። ጌሙ በእርግጥ 60 ዶላር ሲሸጥ ከርሞ፣ በየጊዜው እየገባ እየወጣ 15 ቢሆን ሕግ የሚለው ነገር የለም። ሮቤል የሚያነሳው ችግር ሁሉም ነገር ሕጋዊ ሆኖም የሚመጣ ችግር ነው።

ብሩክ_ነጻ

ስለ ቅናሽ ብቻ እያወራን ነው፤ ነጻውስ? የስቲም ተፎካካሪ መደብር የሆነው ኤፒክ ከዲሴምበር 2018 ጀምሮ ጌም በነጻ ያድላል። በሜይ 2020 ጂቲኤ 5ን ሲሰጥ ድረ ገጹ በሰው ብዛት ወደቀ። ከ2017 ጀምሮ ደግሞ የማይክሮሶፍት ጌም ፓስ አለ፤ በወር ክፍያ ብዙ ጌም። ከዚህ በኋላ አንዱን ጌም ብቻውን 40 ዶላር ነው ሲሉህ በምን ትለካዋለህ? ብዙ ጓደኞቼ «ጌም ፓስ ይገባል ወይ?» ብለው ነው የሚጠይቁት። መግዛት የሚለው ሐሳብ ራሱ ሁለተኛ ሆኗል።

በ2019 ኤፒክ ከራሱ ኪስ በብዙ ጌሞች ላይ 10 ዶላር ቀንሶ ነበር። ሙሉ ክፍያው ለአሳታሚዎቹ ይደርሳል፤ አንድ ሳንቲም አይጎድልባቸውም። ሆኖም አንዳንዶቹ ጌማቸውን ከሽያጭ አነሱ። ገና ያልወጣው ብለድላይንስ 2 አንዱ ነበር። እኔ እንደሚገባኝ የፈሩት የዛሬውን ገቢ ማጣት አይደለም። ሰው ጌሙን ገና ሳይወጣ በርካሽ ካየው፣ ያ ቁጥር ከጭንቅላቱ አይወጣም።

ሮቤል_ጂ

ይኼን ያህል ሐሳብ አልጠበቅኩም፤ በጣም አመሰግናለሁ። የብሩክ የመጨረሻ ነጥብ ስጠይቀው የነበረውን ነው በትክክል የነካው። ሻጮቹም የሚከላከሉት ዋጋውን ሳይሆን የኛን ግምት ነው።

እኔ አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። የዋጋ ታሪክ የሚያሳዩ ገጾች አሉ፤ ስቲምዲቢን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ታሪኩን ከማየቴ በፊት ለራሴ አንድ ቁጥር እጽፋለሁ። «ይኼ ጌም ለኔ ይኼን ያህል ያወጣል» እላለሁ፤ ቪዲዮ አይቼ፣ ዴሞ (ነጻ መሞከሪያ) ካለው ሞክሬ። ዋጋው ከዚያ ቁጥር በታች ከሆነ ነገ 5 ዶላር ቢሆንም ግድ የለኝም፤ እገዛለሁ። ቁጥሩ ከተጻፈ በኋላ ሴሉ ሊቀይረው አይችልም። ግራፉን አስቀድሜ ካየሁ ግን ዝቅተኛው ቁጥር እንደ መልስ ሆኖ ይጠብቀኛል።

ታጋሹ

ይኼን እሞክረዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ፤ በቁጥሩ ላይ ጊዜህንም አስገባ። አሁን የምትጫወተው ሌላ ጌም ካለህ የአዲሱ ቁጥር ዜሮ ነው። ወዲያው የማትጀምረው ከሆነ ምንም ያህል ቢረክስ ለምን ትገዛዋለህ?

ፌቨን_21

ኪያ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። አቅም ሳገኝ በዓመት አንድ ጌም በሙሉ ዋጋ መግዛት እፈልጋለሁ፤ ትንሽ ቡድን የሠራውን። ከልብ ለመርዳት መቼ ብገዛው ነው የሚጠቅማችሁ? ሙሉ ዋጋ ካልቻልኩስ?

ኪያ_ኮድ

ፌቨንዬ፣ እግዜር ይስጥሽ። ከቻልሽ በወጣበት ሳምንት ግዢው። ስቲም ከፊት አውጥቶ የሚያሳየው ሰው እየገዛውና እየተጫወተው ያለውን ጌም ነው፤ ያኔ የሚገዛ አንድ ሰው ሌሎች እንዲያዩን ያደርጋል። በ10 በመቶ የመክፈቻ ቅናሽ ካወጣነው በዚያው ግዢው፤ እሱ ለአንቺ ዓይነት ሰው ብለን ያስገባነው ነው።

ካልቻልሽ ከመውጣቱ በፊት ዊሽሊስት አድርጊው፤ ምንም አያስከፍልሽም፣ ለኛ ግን ትልቅ ነገር ነው። ቆይተሽ በ75 በመቶ ቅናሽ ብትገዢውም ግምገማ ጻፊልን። አንድ ጌም የግምገማ ደረጃ የሚወጣለት 10 ግምገማ ሲሞላ ነው፤ እዚያ ሳይደርስ የሚቀር ጌም ብዙ ነው። ስትጽፊ ስንት እንደገዛሽው አትጥቀሺ። ምን እንደወደድሽ፣ ምን እንዳልተመቸሽ ንገሪን። ሁለት መስመር ይበቃል።